«ክብሪት ጫሩለት!» — ራሱን ለሳተ ሰው የምናደርገው ነገር ከየት መጣ?

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው የያዝኩት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ታሪክ ነው። ግን መጨረሻው ላይ እጃችሁ ላይ የሚቀር ነገር አለው፤ ለሱ ስትሉ እስከ ታች ውረዱ። (የውጭዎቹን ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ የኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ላንሳ። ሰው መንገድ ላይ ይወድቃል። ደቂቃ ሳይሞላ ሃያ ሰው ይከበዋል። አንዱ «ኧረ ንፋስ ስጡት!» ብሎ ይጮሃል፤ ራሱ ግን አይርቅም። አንዷ የያዘችውን ውሃ ፊቱ ላይ ትደፋለች። ሌላው «ክብሪት! ክብሪት ያለው!» ይላል፤ ክብሪቱ ተጭሮ ጭሱ አፍንጫው ሥር ይያዛል። ቁልፍ እጁ ላይ የሚያስጨብጥ አይጠፋም። «ወተት አምጡ» የሚልም አለ። ሁሉም በቅን ልብ ነው፤ በዚህ ሕዝባችን አይታማም። ግን በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል አንዲት ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠይቃት የለም፦ «ሰውየው ይተነፍሳል ወይ?»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሰው ለመውቀስ አይደለም። ይህች ቀላል የምትመስል ጥያቄ የመጀመሪያዋ ጥያቄ እስክትሆን ድረስ ዓለም ራሱ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ሐኪሞቹም፣ ምሁራኑም፣ ንጉሣውያን ማኅበራቱም እንደኛው በጭስ ጀምረዋል። አዎ፣ በጭስ!

የለንደን ጭስ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ከተሞች ትልቁ የድንገተኛ ሞት ምንጫቸው ውሃ ነበር። ወደብ፣ ቦይ፣ ወንዝ፤ ዋና የሚችል ሰው ግን ትንሽ። በቦይ የተሞላችው አምስተርዳም በ1767 የሰመጡ ሰዎችን የሚያተርፍ ማኅበር አቋቋመች። በ1774 ደግሞ ዊሊያም ሆዝ እና ቶማስ ኮገን የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ለንደን ላይ ተመሳሳይ ማኅበር መሠረቱ። ኋላ «ሮያል ሂዩማን ሶሳይቲ» የተባለው እሱ ነው። ሆዝ ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት፣ ከውሃ የወጣ ሰው ቶሎ ለሚያመጣለት ሰው ከራሱ ኪስ ጉርሻ ይከፍል ነበር።

የማኅበሩ የመጀመሪያ ስም ራሱ ትምህርት ነው። ወደኛ ስናመጣው «ሰምጠው የሞቱ የመሰሉ ሰዎችን ማትረፊያ ማኅበር» እንደማለት ነው። «የመሰሉ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ከውሃ የወጣ፣ የማይንቀሳቀስ፣ የቀዘቀዘ ሰው ሬሳ ነበር፤ በቃ። እነዚህ ሰዎች ግን «ቆይ፣ ሞቷል ወይስ የሞተ መስሏል?» ብለው ጠየቁ። ለኔ የመጀመሪያ እርዳታ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ መልሱ ግን ጉድ ነው። የዘመኑ እምነት «ሕይወት ሙቀትና መቀስቀስ ነው» የሚል ነበር። ስለዚህ የሰመጠውን ሰው አሞቁት፣ አሹት፣ ጉሮሮውን በላባ ኮረኮሩት፣ ደሙን አፈሰሱለት፤ የትምባሆ ጭስም በወናፍ እየነፉ በ... እንግዲህ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ በመቀመጫው በኩል አስገቡበት። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ሳቁ እስኪበርድ ትምህርቱ ይቋረጥ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ተማሪዎቼ ታስታውሱታላችሁ። ግን ቀልድ አልነበረም። ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ዛሬ የእሳት ማጥፊያ እንደሚሰቀለው፣ ወናፉና ቱቦው በሳጥን ሆኖ ይቀመጥ ነበር። በ1811 ቤንጃሚን ብሮዲ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በእንስሳት ላይ ሞክሮ፣ ትምባሆ ውስጥ ያለው መርዝ ልብን እንደሚያቆም አሳየ። ከዚያ በኋላ ጭሱ ቀስ በቀስ ቀረ።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ከነዚህ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ትክክለኛውም ነገር ነበረበት፤ አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት። አዲስ ነገርም አልነበረም። በ1732 ስኮትላንድ ውስጥ ዊሊያም ቶሳክ የሚባል ቀዶ ሐኪም፣ ከከሰል ማዕድን ጉድጓድ በጭስ ታፍኖ የወጣን ሠራተኛ አፉን በአፉ ገጥሞ በመንፋት አድኖታል። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚም በ1740 ለሰመጠ ሰው ይህንኑ መክሯል። ግን ዘዴው ጠፋ። አንደኛ፣ ለማያውቁት ሰው አፍን መግጠም አስጸያፊ ተባለ። ሁለተኛ፣ ኦክስጅን ሲገኝ «ከሰው የወጣ አየር ያለቀለት አየር ነው፣ ምን ይጠቅማል?» የሚል ክርክር መጣ። በወናፍ ተተካ፤ ወናፉም ሳንባን ሊጎዳ እንደሚችል ሲታወቅ እሱም ቀረ። ትክክለኛው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ጎን ተጣለ። ዕውቀት ሁልጊዜ ወደፊት ብቻ አይሄድም ልጆቼ፤ ተገኝቶም ይጠፋል።

የምላስ ነገር

ከዚያ ዘመነ ማንከባለል መጣ። ሰውየውን በርሜል ላይ አስተኝቶ ወዲያ ወዲህ ማንከባለል፣ ፈረስ ላይ በሆዱ ጭኖ ማስሮጥ። ሐሳባቸው ደረቱ ሲጫን አየር ይወጣል፣ ሲለቀቅ አየር ይገባል ነው። ያን ያህል የሞኝ ሐሳብ አይደለም።

በ1856 ማርሻል ሆል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባድ ነገር ተናገረ። ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ሲተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቅና ጉሮሮውን ይዘጋል አለ። ነቅተን ስንተኛ የመንጋጋና የምላስ ጡንቻዎቻችን ሥራ ላይ ናቸው። ራስን ሲስቱ ግን ጡንቻው ይላላል፤ መንጋጋ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ምላስም አብሮ ይሄዳል። በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ደረቱን ብትጭነው፣ ብታንከባልለው፣ በሩ ከተዘጋ አየር ከየት ይገባል?

ሆል ሰውየውን በሆዱና በጎኑ እያገላበጠ ለመርዳት ሞከረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሄንሪ ሲልቬስተር የሚባል ሌላ ሐኪም መጣና መልሶ በጀርባው አስተኝቶ ክንዱን ወደ ላይ እያነሱ መመለስን አስተማረ። በ1903 ኤድዋርድ ሻፈር በሆድ አስተኝቶ ጀርባን መጫንን አመጣ። በ1932 ዴንማርካዊው ሆልገር ኒልሰን ጀርባ መጫንንና ክንድ ማንሳትን አዳቀለ። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ስካውቱም፣ ወታደሩም፣ ዋናተኛውም የሚማረው ይህንን ነበር። ሁሉም ስለ ደረት ተከራከሩ፤ ስለ በሩ ግን የሚገባውን ያህል አላሰቡም።

የሚገርመው፣ በሩን መክፈት የሚችል ዕውቀት ሌላ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። በክሎሮፎርም ሰው የሚያደነዝዙ ሐኪሞች ከ1870ዎቹ ጀምረው የተኛውን ሰው መንጋጋ ወደ ፊት ሲገፉት ትንፋሹ እንደሚከፈት ያውቁ ነበር። ማደንዘዣ ሰጪው የሚያውቀውን ወንዝ ዳር ያለው ሰው አያውቅም። ይህ ነገር በኛም አገር፣ በብዙ ሙያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ፣ «የመጀመሪያ እርዳታ» ለተራ ሰው በክፍል መሰጠት የጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው። በ1878 ለንደን አጠገብ ዉሊች ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት ከሰጡት አንዱ ፒተር ሼፐርድ የሚባል የጦር ሐኪም ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ ጥር 1879፣ ዙሉዎች የእንግሊዝን ጦር ድል በነሱበት በኢሳንድልዋና ጦርነት ሞተ። የትምህርት ማስታወሻው ግን መጽሐፍ ሆኖ ተረፈ።

ባልቲሞር

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በ1946 አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የፖሊዮ ወረርሽኝ ነበር። ጄምስ ኢላም የሚባል ሐኪም ትንፋሿ ቆሞ የጠቆረች ሕፃን በአልጋ ስትገፋ ያገኛል፤ ሳያስብ አፉን አፍንጫዋ ላይ ገጥሞ ነፋላት፤ ቀለሟ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ወስዶ፣ ከሰው ሳንባ የሚወጣ አየር ሌላውን ሰው ለማኖር በቂ መሆኑን በመለኪያ አረጋገጠ። የምንስበው አየር 21 ከመቶ ገደማ ኦክስጅን አለው፤ የምናወጣው ደግሞ 16 ከመቶ ገደማ። «ያለቀለት አየር» የተባለው አላለቀም ነበር!

በ1956 ኢላም ፒተር ሳፋርን አገኘው። ሳፋር በ1924 ቪየና የተወለደ፣ ወደ አሜሪካ የሄደ የማደንዘዣ ሐኪም ነው። ባልቲሞር ላይ ያደረገው ነገር ዛሬ ማንም የማይፈቅደው ነው። ፈቃደኛ ሰዎችን አደንዝዞ፣ ጡንቻቸውን በመድኃኒት ሽባ አድርጎ፣ በራሳቸው መተንፈስ እንዳይችሉ አደረጋቸው። ከዚያ የቆዩትን ዘዴዎች አንድ በአንድ ሞከረ። ጀርባ መጫኑ፣ ክንድ ማንሳቱ አብዛኛውን ጊዜ በቂ አየር አያስገባም። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ዘንበል፣ አገጩን ከፍ አድርጎ አፍ ለአፍ ሲነፋ ግን አየሩ ይገባል። ሥልጠና የሌላቸው ተራ ሰዎች ሳይቀሩ ሠርቶላቸዋል።

በቃ፣ በአንድ ጊዜ የ50 ዓመት ትምህርት ተሻረ። የሰው ልጅ በሩን መክፈቻውን አገኘ፤ ሁለት ጣት አገጭ ሥር፣ አንድ እጅ ግንባር ላይ።

ብዙም ሳይቆይ እዚያው ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ላይ ሌላው ግማሽ ተገኘ። ዊሊያም ኮወንሆቨን ሐኪም አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። ከእሱ ጋር የሚሠራው ጋይ ኒከርቦከር የሚባል ወጣት፣ ልቡ በቆመ ውሻ ላይ የኤሌክትሪኩን ከባድ መሣሪያ ደረቱ ላይ ጫን ሲያደርግ የደም ግፊቱ ከፍ ሲል አየ። ኤሌክትሪኩን ገና አልለቀቀም፤ ክብደቱ ብቻ ነው። ጄምስ ጁድ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ሆነው በ1960 ውጤቱን አሳተሙ፦ ደረት ሳይቀደድ፣ በእጅ ብቻ በመጫን ደምን ማዘዋወር ይቻላል።

በዚያው ዓመት ኖርዌያዊው የአሻንጉሊት ሠሪ ኦስሙንድ ላርዳል የመለማመጃ አሻንጉሊቷን አወጣ፤ ስሟ አን ነው። ፊቷ የተቀዳው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ሴን ወንዝ ውስጥ ሞታ ተገኘች ከሚባል፣ ማን እንደሆነች ከማይታወቅ ወጣት የፊት ቅርጽ ነው። ታሪኳ እውነት ይሁን አይሁን፣ ማንም ያልደረሰላት የተባለች ልጅ ፊት በዓለም ዙሪያ ስንት ሰው ማትረፍን ተማረበት! የቀይ መስቀል ሥልጠና የወሰዳችሁ እሷን ወይም እህቶቿን አግኝታችኋል።

ፒትስበርግ

ሳፋር በዚህ አላቆመም። ፒትስበርግ ሲሄድ ያየው ነገር አስጨነቀው። ሰው ሲወድቅ የሚያነሳው የፖሊስ መኪና ነበር፤ ከኋላ ይጫናል፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው እንኳ የለም። በ1966 የቀድሞው የክፍለ ሀገሩ ገዥ ዴቪድ ሎረንስ ንግግር ላይ ሳለ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርስ ልቡን መለሱት፤ አእምሮው ግን አልተመለሰም። በዚያው ዓመት የሳፋር የራሱ ልጅ፣ ትንሿ ኤልዛቤት፣ በአስም ራሷን ስታ ሞተች። እሷም እንደዚሁ፤ ልብ ተመለሰ፣ አእምሮ ግን ሄዷል። አባቷ ደግሞ በዓለም ላይ ስለዚህ ነገር ከሁሉ በላይ የሚያውቅ ሰው ነው! ጊዜ እንጂ ዕውቀት አልጎደለም።

በ1967 «ፍሪደም ሃውስ» የሚባለው አምቡላንስ የተጀመረው በዚህ መሃል ነው። ሠራተኞቹ ከድሃው የጥቁሮች ሰፈር፣ ሥራ አጥ ከተባሉት ወጣቶች የተመለመሉ ነበሩ፤ ትምህርት ያቋረጠም ነበረበት። ሳፋር ራሱ ቀረጻቸው። በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ፣ በደንብ የሠለጠኑ የአምቡላንስ ባለሙያዎች እነሱ ሆኑ። በ1975 ከተማው የራሱን አገልግሎት ሲጀምር ሥራው ከእጃቸው ተወሰደ፤ ብዙዎቹም ቀስ በቀስ ተገፉ። በዲሲና በየስቴቱ አምቡላንስ ላይ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ መንገዱን የጠረጉላችሁን እወቁልኝ።

ግላስጎው፦ «ራሱን ስቷል» ማለት ስንት ነው?

እስካሁን ያወራነው ስለ ማድረግ ነው። ስለ ማየትስ? በአማርኛ «ራሱን ሳተ»፣ «ተዝለፈለፈ»፣ «ደነዘዘ»፣ «ሩሁን አያውቅም» እንላለን። ሐኪሞቹም እስከ 1970ዎቹ እንደኛው ነበሩ፤ አንዱ ከፊል ኮማ ያለውን ሌላው ድንዛዜ ይለዋል። ማታ ላይ ያየችው ነርስ የጻፈችውን ጠዋት የመጣው ሐኪም በሌላ መንገድ ይረዳዋል። ሰውየው ተሻለው ወይስ ባሰበት? ማን ይወቅ!

በ1974 ግላስጎው ላይ ግራሃም ቲስዴል እና ብራያን ጄኔት ቀላል መለኪያ አወጡ። ሦስት ነገር ብቻ ተመልከት፦ ዓይኑን ይከፍታል? ይናገራል? ይንቀሳቀሳል? ለዓይን እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ። ድምሩ ሙሉ ሲሆን 15፣ ዝቅተኛው 3። ዛሬ የትም አገር፣ ጥቁር አንበሳም ሆነ ቶኪዮ፣ «8 ነው» ከተባለ ሁሉም ይገባዋል።

መንገድ ላይ ላለነው ለኛ ደግሞ አራት ደረጃ ይበቃል፦ ነቅቷል፤ ሲጠሩት ይመልሳል፤ ሲያሳምሙት ብቻ ይመልሳል፤ ምንም አይመልስም። ይህን አይቶ ለአምቡላንስ ሰው መንገር ሃያ ሰው ከሚጮኸው ጩኸት በላይ ይረዳል።

የጣር ትንፋሽ

አንድ ምዕራፍ ቀርቶኛል። ለብዙ ዓመት «የልብ ምቱን አንገቱ ላይ ፈልግ» ተብለን ተምረናል፤ እኔም ክበቡ ውስጥ ያስተማርኩት በጊዜው መመሪያ እሱ ስለነበር ነው። በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ግን ያልሠለጠነ ሰው፣ አንዳንዴ የሠለጠነውም፣ ምቱን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በትክክል መለየት እንደማይችል አሳዩ። የሌለውን «አለ» ይላል፤ የራሱን ጣት ምት ይሰማል። በ2000 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለተራው ሰው የልብ ምት ፍለጋን አስቀረለት። ጥያቄው ወደ ሁለት ወረደ፦ ይመልሳል? እንደ ወትሮው ይተነፍሳል?

«እንደ ወትሮው» የምትለዋ ትልቅ ቃል ናት። ልቡ የቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አልፎ አልፎ እየጎተተ፣ እያንኮራፋ፣ አፉን እንደ ዓሣ እየከፈተ ሊያጣጥር ይችላል። አማርኛችን ይህንን ያውቀዋል፤ ጣር ብሎታል። ከዳር የቆመው ሰው ግን «ተመስገን፣ ይተነፍሳል!» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ማጣጣር መተንፈስ አይደለም ወዳጆቼ። ሌላ ነገር ሁሉ ብትረሱ ይህንን አትርሱ።

የኛው ቤት

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ሦስት ወር ሳይሞላው ጣሊያን ወረረን። ከእንግሊዝ፣ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከሆላንድ፣ ከግብፅ የሕክምና ቡድኖች መጡ። መልካ ዲዳ ላይ የስዊድኖቹ፣ ቆረም ላይ የእንግሊዞቹ ድንኳን፣ ቀይ መስቀሉ እየታየ በቦምብ ተደበደበ። የእንግሊዙን ቡድን የመራው ዶክተር ጆን ሜሊ በጦርነቱ ማብቂያ ላይ፣ አዲስ አበባ በዝርፊያ ስትታመስ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ሊያነሳ ሲል ተተኩሶበት ሞተ። የመጀመሪያ እርዳታ በኛ አገር እንዲህ ባለ ደም ነው የተጀመረው። ያን ጊዜ ሳፋር ቪየና ውስጥ የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ በሩን መክፈቻው ገና አልተገኘም።

አሁን ወደ ክብሪታችን እንመለስ። ለምን አልጠፋም? «ስለሚሠራ» ትሉኛላችሁ። «እኔ ራሴ አይቻለሁ፣ ክብሪት ሸቶት ነቃ!» ልክ ናችሁ፣ ነቅቷል። ግን አስቡት፦ ብዙው ሰው የሚወድቀው ደም ለአፍታ ወደ አእምሮው ስላነሰ ነው፤ ሲጋደም ደሙ ይመለሳል፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይነቃል። የሚጥል በሽታም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ በራሱ ያበቃል። ክብሪት ተፈልጎ እስኪጫር ሰዓቱ ደርሷል። ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል! የለንደኑም ትምባሆ እንዲሁ ነው፤ ከሰመጡት መሃል በራሱ የሚነቃው ሲነቃ ጭሱ አዳነው ተባለ።

የክብሪቱ ጉዳት ደግሞ ጭሱ የመተንፈሻ አካልን መቆጥቆጡ ብቻ አይደለም። ዋናው ጉዳቱ ጊዜ መብላቱ ነው፤ ሁሉም ክብሪት ሲፈልግ በሩን የሚከፍት የለም። ሌላም አለ፦ «አረፋው ይጋባል» ብለን የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው አንነካም። አይጋባም! በዚህ ምክንያት ምድጃ ላይ፣ ቦይ ውስጥ በፊቱ ወድቆ የሚቀር ሰው አለ። ይህ ዕዳችን ነው።

ከሰሉንም ልጨምር። ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ስንቱን በዝምታ ወሰደ። ሽታ የለውም፣ አያሳልም፤ ያደነዝዛል። እንዲህ ያለ ቤት ስትገቡ በር መስኮት ክፈቱ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ሰውየውን ቶሎ ወደ ውጭ አውጡ፤ እናንተም እዚያው እንዳትወድቁ። ቶሳክ በ1732 ያዳነው ሰው የዚሁ የከሰል ጭስ ተጎጂ ነበር።

ከታሪኩ እጃችን ላይ የቀረው

1. መጀመሪያ አካባቢውን እይ። መኪና? ኤሌክትሪክ? እሳት? ጭስ? አንተ ከወደቅህ ሁለት ተጎጂ ነው።
2. ትከሻውን ነቅነቅ አድርገህ ጮክ ብለህ ጥራው። ካልመለሰ አንድ ሰው በጣትህ ለይተህ «አንተ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ 907 ደውል!» በል። «ኧረ ሰው ይደውል» ካልክ ማንም አይደውልም። ውጭ ያላችሁ የአገራችሁን ቁጥር አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።
3. በጀርባው አድርገህ ግንባሩን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ። በሩ ተከፈተ።
4. ደረቱን እያየህ፣ ጆሮህን አፉ አጠገብ አድርገህ ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ተመልከት። እንደ ወትሮው ይተነፍሳል?
5. የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኛው፤ ትውከትና ምራቁ ወደ ውጭ ይፍሰስ። የሚፈስ ደም ካለ ጫንበት። እስኪመጡ ድረስ ትንፋሹን እየተከታተልክ ቆይ። የመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ የወደቀ ከሆነ አንገቱን አታንገላታው፤ ግን ትንፋሹ ከተዘጋ ትንፋሽ ይቀድማል።
6. የማይተነፍስ ወይም የሚያጣጥር ከሆነ ሁለት እጅህን ደራርበህ የደረቱን መሃል ጫን፤ ለትልቅ ሰው ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ሳታቋርጥ። አፍ ለአፍ የተማርክ በየ30ው ሁለት ትንፋሽ ጨምር፤ ያልተማርክ ደረቱን ብቻ ጫን። ለሰመጠ ሰውና ለሕፃን ግን ትንፋሹ በጣም ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ተማሩት።
7. ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ውሃ፣ ወተት፣ ጠበል፣ ስኳር፣ ምንም። መዋጥ ስለማይችል ሳንባው ውስጥ ይገባል።
8. የሚያንቀጠቅጠውን ሰው አትያዙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ፣ ሲያበቃ በጎኑ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ።

ይኸው ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሰዎች «ምን ላድርግለት?» ብለው ነበር የሚጀምሩት፤ ጭስ፣ በርሜል፣ ፈረስ፣ ወናፍ ሁሉ የዚህ ጥያቄ ልጆች ናቸው። «ምን ሆኗል?» ብለው መጀመር ሲጀምሩ ነው ሰው መዳን የጀመረው። ሃኪም ያልሆነ ሰውም ሊጠይቀው የሚችል፣ መሣሪያ የማይፈልግ፣ 10 ሰከንድ የሚፈጅ ጥያቄ ነው።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ አስተማሪነት አይለቅም መቼም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ያለ አንድ ሰው ወለል ላይ አስተኙና ከ1 እስከ 5 ያለውን ተለማመዱ። ደረት መጫኑን ግን ጤነኛ ሰው ላይ አትለማመዱ፤ እሱ ለአሻንጉሊቷ ለአን ነው። ልጆቻችሁም ይዩ፤ ይስቃሉ፣ ይሳቁ፣ ሲስቁ የተማሩት አይረሳም። ጤና ባለሙያ የሆናችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ ልምዳችሁን ከሥር ጻፉልን። ለሌላው እንዲደርስ ሼር አድርጉ።

ክፉ አይንካችሁ። ቸር እንሰንብት።